ስሜን ብቻ አንብብ

ሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ዝናብ። አትራክታ የአጃ ገንፎዬ ላይ ማር ጨመረችበት፣ ለጉሮሮህ ብላ። ሚስቴ ለጉሮሮዬ ከእኔ የበለጠ ትሳሳለታለች። አርባ ዓመት ያበላን እሱ ነው ትላለች፤ እውነቷን ነው።

ከሦስት ሰዓት ዜና በኋላ እንደ ሁልጊዜው የሞት ማስታወቂያ አነበብኩ። ሦስት ሰው። አገሩ ሻዩን አስቀምጦ የሚሰማኝ ያኔ ነው። ዘፈኑንና ቀልዱን እየሠራ ነው የሚሰማው። ማን ሞተ፣ አስከሬኑ የት አረፈ፣ ቀብሩ መቼ ነው... ስም ከነቅጽሉ ይነበባል። ያለ ቅጽል ስም ማን ማን እንደሆነ በዚህ አውራጃ የሚለይ የለም። የዛሬው አንዱ "ዳክዬው" ነበር። አልሳቅኩም። መርዶ ላይ ስቄ አላውቅም።

ስወጣ ደርቭላ ያዘችኝ፤ ፕሮግራሙን የምታዘጋጀው ልጅ ናት። የዲሴምበር ሰባቱ የስንብት ምሽቴ ከወዲሁ ሞልቷል አለች፣ መቆሚያ እንኳ የለም። "መዝጊያው የደወሉ ወሬ ነው፣ እሺ ጋሽ ፊንታን? ሰው እሱን ሳይሰማ ቤቱ አይገባም።"

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

የደወሉ ወሬ። ስንት ጊዜ ተናገርኩት? የ1963 የአውራጃው የሃርሊንግ ፍጻሜ፣ ዱላ ይዘን ኳስ በምንመታበት ጨዋታ፣ እኛ ኪልሞረኖች ከባሊናስካ። ጨዋታው በዝናብ ዘግይቶ ጀምሯል። ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ከቤተ ክርስቲያን የማታው ጸሎት ደወል ይደወላል። የባሊናስካ ግብ ጠባቂ ማላኪ ሄሂር፣ እናቱ በጸሎት ያሳደገችው፣ ዱላውን መሬት ላይ አስደግፎ ማማተብ ይጀምራል። እኔም እመቤታችንን ይቅርታ ጠይቄ ኳሷን በእግሮቹ መሃል አሾልካታለሁ። እዚህ ላይ ደወሉን በአፌ እደውላለሁ። አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል።

ከዚያ ወዲህ ማላኪ ሄሂር በአገሩ ሁሉ "ደወሉ" ነው። የገዛ ጎረቤቶቹም እንደዚያ ነው የሚጠሩት።

ጉልበቴ ተሰብሮ ጨዋታ ካቆምኩ በኋላ ያኖረኝ ይህ ወሬ ነው። መጀመሪያ ከዳንስ ባንድ ጋር ስዞር፣ በዘፈን መሃል። ኋላ ሬዲዮ ጣቢያው ሲከፈት፣ አፍህ ለምን ሥራ ይፈታል ብለው ጠሩኝ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 6

ኮንሴፕታ ሄሂር ጣቢያው ድረስ ደወለች። የማላኪ እህት። ሁለቱም ሳያገቡ እዚያው የረግረጉ መንገድ መጨረሻ አብረው አረጁ። "ማላኪ ሊያይህ ይፈልጋል። ዓርብ ከምሳ በኋላ ና።" ለምን ብዬ ሳልጠይቅ ስልኩን ዘጋችው።

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት። በከብት ገበያ ራስ መነቅነቅ፣ ቀብር ላይ ራስ መነቅነቅ። ሌላ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። አሁን ምን ሊለኝ ነው?

አትራክታ፦ "የሚሞት ሰው ሁለት ጊዜ አይጠራም። ሂድ።"

ሊሞት ነው ያላት ማን ነው?

ዓርብ፣ ኖቬምበር 8

ሄድኩ። ከቤት ሳልነቃነቅ ሁለት ጊዜ ከመኪናው ወርጄ ነበር።

ኮንሴፕታ ሻይና የዘቢብ ኬክ አቀረበችልኝ፤ ተቀመጥ ግን አላለችኝም። ማላኪ ከወጥ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው ክፍል ተኝቷል። ያ በር የሚያህል ሰው... አልጋው ላይ አለ ለማለት ይከብዳል። ሆዱ ነው፤ ከበጋው ጀምሮ ነው። ለማንም አልተናገሩም። ሰው ሲጠይቀኝ ጉንፋን ነው እላለሁ አለ።

ስለ ላሞች አወራን። ስለ ዝናቡ። ዱላው ከራስጌው በላይ ተሰቅሏል፣ የዚያን ቀኑ ዱላ። ዓይኔን ከእሱ ላይ መንቀል አቃተኝ።

"ስሞት የምታነበኝ አንተ ነህ" አለ። "ያ ሊተካህ የመጣው፣ በአፍንጫው የሚያወራው ልጅ አይደለም።"

"አነብሃለሁ።"

"ስሜን ብቻ አንብብ። ማላኪ ሄሂር። ሌላ ነገር እንዳትጨምር።"

ሌላ ነገር ያለው ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ቃል ገባሁለት። ልጨብጠው እጄን ዘረጋሁ፤ እሱ እጁን ከብርድ ልብሱ ስር አላወጣም።

በሩ ጋ ስደርስ ጠራኝ።

"ፊንታን። ግራ ብብትህ እንዴት ነው?"

ዞርኩ። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም። ስለ ላም እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀኝ።

"ደህና ነው" አልኩ። ይሄ ደግሞ መልስ ነው?

"ጠንካራ ነበር" አለና ዓይኑን ጨፈነ።

እሁድ፣ ኖቬምበር 10

ቅዳሴው ላይ አንድ ቃል አልሰማሁም።

ይህን ነገር ለዚህ ደብተር እንኳ ጽፌው አላውቅም። ልጻፈው።

ደወል አልተደወለም። ኳሷ ከፍ ብላ መጣች። ማላኪ ዱላውን አነሳ፤ ሊመልሳት ነው። ያን ቀን ምንም ነገር አላለፈውም ነበር። ጎኑ ገባሁና ዱላውን በግራ ብብቴ ስር ቆለፍኩበት። በቀኝ እጄ ኳሷን መታሁ። ከዓይን ጥቅሻ አይበልጥም። ዳኛው ከሰው ጀርባ ነበር። ከግቡ ኋላ ነጭ ካፖርት ለብሰው ከሚቆሙት ሁለት የዳኛው ረዳቶች አንዱ ባንዲራውን አነሳ። ግብ።

ማላኪ አየኝ። ወደ ዳኛው አልሄደም። ቢሄድስ? ሰበብ ፈለገ ይሉታል።

ግቡስ ይሁን። የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፣ ሜዳ ላይ የማይይዝና የማይገፋ የለም። ደወሉን ምን አመጣው? በዚያው ሳምንት መጠጥ ቤት ውስጥ አንዱ "እንዴት አለፈችው?" አለኝ፣ አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። ሳቁ። በማግስቱ ሌላ ሰው ድገመው አለኝ። ሳቅ ካገኘሁ እኔ ማቆም አላውቅበትም... እንዲህ ነው የተጀመረው።

ባሊናስካ ከዚያ በፊት ፍጻሜ ደርሶ አያውቅም። ከዚያ በኋላም አልደረሰም። ያቺን አንዲት ዕድል ማላኪ ሲያማትብ አሳለፋት ተባለ። የገዛ ሰዎቹ አሉት።

አንድ ጊዜ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ አየሁት፣ ሦስተኛው ረድፍ። ወሬውን መተው እችል ነበር። አልተውኩትም። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። እሱም ሳቀ። አብሯቸው ሳቀ።

አፍራለሁ። ይኸው ነው።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

ለአትራክታ ነገርኳት። ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋዋ አልቆመም።

"ጠርጥሬ ነበር" አለች። "እውነት የሆነ ነገር በየዓመቱ አይጨምርም። ስታገባኝ ማላኪ አማትቦ ብቻ ነበር። ኋላ ተንበረከከ። ዘንድሮማ መቁጠሪያ አውጥቷል።"

ሄደህ ንገረው አለችኝ። እሱማ ያውቃል አልኳት። "እሱ ያውቃል። ሌላው ሰውስ?"

ሐሙስ እሄዳለሁ አልኩ። ይቅርታ ለመጠየቅ። ሌላውን ቀስ ብዬ አስብበታለሁ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 14

አልደረስኩም። ትናንት ማታ አረፈ።

ኮንሴፕታ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደውላ ማስታወቂያውን አስጻፈችኝ። በሦስት ሰዓት አነበብኩት። "ማላኪ ሄሂር፣ ባሊናስካ። በሰላም አርፏል። ዛሬና ነገ ከአሥር ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት አስከሬኑ በመኖሪያ ቤቱ ለስንብት ይቆያል። የቀብር ቅዳሴው ቅዳሜ በአምስት ሰዓት።" ስሙን ብቻ። ቃሌን ጠበቅሁ ብዬ ትንሽ ቀለለኝ እንኳ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ለቅሶ ቤት መኪና ከአንድ ኪሎ ሜትር ጀምሮ ነው የሚሰለፈው፤ ሩቅ ላቆም አስቤ ቦት ጫማ ይዤ ነበር። በሩ ድረስ ነዳሁ። ግቢው ባዶ።

ውስጥ ቄሱና አንድ ሚስቱ የሞተችበት ጎረቤት። ከአዳራሽ የተዋሱት አርባ ወንበር በግድግዳው ዙሪያ። ሳንድዊቹ በፎጣ እንደተሸፈነ ነው። ማላኪ በደህና ልብሱ ተኝቷል፣ ዱላው ከጎኑ።

"ሰው ምን ሆነ?" አለችኝ ኮንሴፕታ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። እንደ ልጅ ነው የጠየቀችኝ።

ምን እንደሆነ ያወቅሁት ስመለስ ነው። መንደሩ ውስጥ ካለው ሱቅ ቤንዚን ልቀዳ ቆምኩ። ባለሱቋ ራሷ ጀመረችው። ከአረጋውያን መጦሪያው ያ ሽማግሌ ማላኪ ሄሂር ሞተ አይደል፣ ጠዋት አንተ ስታነበው ሰማን፣ ወደ ድሮ ቤቱ መልሰውት ነው፤ ዘጠና ስድስት ዓመቱ፣ ምስኪን፣ ዘመድ የለው፣ ዝናብ ከሌለ ቀብሩ ላይ ብቅ እንላለን አለች። ቀጠለችና፣ "ደወሉስ እንዴት ነው? ጉንፋን ይዞት ነበር፤ ካየሁት ቆየሁ።"

አፌ ተያዘ። እኔ፣ አፌ ተያዘ። ልነግራት ብል እሷ የምታውቀው በዚያ ስም ነው። የገንዘቤን መልስ ተቀብዬ ወጣሁ።

ቤት እንደገባሁ ኮንሴፕታ ደወለች። ጎረቤቷ ነግሯት እሷም ደርሳበታለች። "ነገ ቅጽሉን ጨምረህ አንብበው። ለማላኪ እኔ እመልስለታለሁ። ከባዶ ቤት ከሚወጣ 'ደወሉ' ተብሎ ይውጣ።"

አንድ ቃል ነው። አንድ ቃል ብጨምር አገሩ ይመጣል። ቃሌን የምበላውም እሷው ፈቅዳልኝ ነው...

ዓርብ፣ ኖቬምበር 15

ሦስት ሰዓት ላይ ያልኩትን እንዳልኩት ልጻፈው፤ ቆይቶ እንዳላሳምረው።

"ትናንት የባሊናስካውን የማላኪ ሄሂርን ማስታወቂያ አንብቤ ነበር። ማን መሆኑን ሰው አልለየውም። በ1963 ፍጻሜ የባሊናስካ ግብ ጠባቂ የነበረው ማላኪ ነው። በምን ስም እንደምታውቁት አውቃለሁ። ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ እንዳላነበው ለምኖኛል፣ አላነበውም። ያን ቀን ደወል አልተደወለም። ማላኪም አላማተበም። ዱላውን በግራ ብብቴ ስር ይዤበት ነው ያገባሁት። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ያሳቅኳችሁ በውሸት ነው። አስከሬኑ ዛሬም ከአሥር ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ከቤቱ ነው።"

ከዚያ የሚቀጥለውን መርዶ አነበብኩ። አንዲት ጡረታ የወጣች አስተማሪ። ለእሷም በደንብ ማንበብ ነበረብኝ።

ደርቭላ ከመስታወቱ ወዲያ ማዳመጫዋን አውልቃ ቆማለች። አለቃው መርዶ የግል ጉዳይ ማውሪያ አይደለም አለ፤ ልክ ነው። ከሬዲዮ ሥራዬ የምወጣበትን ቀን በሦስት ሳምንት አቀረበልኝ፤ ዛሬ ሆነ።

ስልኩ ቀኑን ሙሉ አላረፈም። አንድ ጊዜ ብቻ አነሳሁት፤ ጃርላዝ ነበር፣ የያኔው አምበላችን። "በጠጣንበት ዋንጫ አሁን ልታስተፋን ነው?" አለኝ። ይቅርታ አልኩት። "የኪልሞረን አሥራ አምስት ሰው ነው። ከዚያ ውስጥ ሰባቱ መቃብር ናቸው። ለእነሱም ይቅርታ በላቸው።" ዘጋው። ይህን አላሰብኩትም ነበር። እውነት ተናግሬ ሌላ ሰው በደልኩ ማለት ነው? ይመስለኛል። ያም ሆኖ...

አሥር ሰዓት ላይ ሄድኩ። ግማሽ መንገድ ላይ መኪናዬን አቁሜ በእግሬ ገባሁ። መኪናው ተሰልፎ፣ ሰው በዝናብ ተሰልፎ፣ እስከ አጥሩ ድረስ። ተራዬን ያዝኩ። ማንም አልሰደበኝም። ማንም አላናገረኝም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ከፊቴ ቆሞ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ "አባቴ ማላኪን እየረገመ ነው የሞተው" አለ። ለእኔ ይሁን ለራሱ አላወቅሁም።

ኮንሴፕታ እጄን ጨበጠች። ሳንድዊቹ አልቋል አለች። ይህንኑ ብቻ አለች።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 16

ቀበርነው።

ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ተሸካሚዎቹ አምስት ሆኑ። ስድስተኛ ሆኖ የኮንሴፕታ ጎረቤት ገባ፤ ቁመቱ አልመጣጠን አለ፣ ሳጥኑ ዘመመ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ኮንሴፕታ ሰውን በክርኗ ከፍላ መጣች።

"አንተ ቁመትህ ይሆናል። በቀኝ በኩል ግባ።"

ሰው ሁሉ ይሰማል። ገባሁ። ግራ ክንዴን ከሳጥኑ ማዶ ባለው የባሊናስካ ሰው ትከሻ ላይ አሳረፍኩ፣ ደንቡ ነው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ነው የሚሸከሙት። እሱ ግን ያቅፈኝ ዘንድ እጁን ለማንሳት ጊዜ ወሰደ። በሩ ጋ ስንደርስ አነሳው።

ዱላው ሳጥኑ ላይ ነበር። ክለቡ በሁለት ረድፍ ቆሞ ዱላ ዱላውን ይዞ አሳለፈው። ወጣቶቹ እሱ ሲጫወት አልተወለዱም።

ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ስድስት ሰዓት ሆነና የእኩለ ቀኑ ደወል ተደወለ። ከላያችን፣ እዚያው ግንቡ ላይ። ቄሱ ቆመ። አሁን አንድ ሰው ቢስቅ... ማንም አልሳቀም። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ሁሉም አማተበ። እኔም አማተብኩ። ደወሉ እስኪያልቅ ማላኪን ይዘን ቆምን፣ ገመዱ መዳፌን ላጠው።

እሁድ፣ ዲሴምበር 8

ትናንት የስንብቱ ምሽት ነበር። ይሰረዝ ብዬ ነበር፤ ደርቭላ እምቢ አለች። ከግማሽ በላይ ወንበር ባዶ። ከኪልሞረን አንድም ሰው አልመጣም። ከፊት ሁለት ረድፍ ግን ባሊናስካዎች ክንዳቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

ዘፈንኩ ብቻ። ድምፄ ጥሩ አልነበረም። መጨረሻ ላይ ከኋላ አንድ ሰካራም "ደወሉን አምጣው" ብሎ ተጣራ። የፊተኞቹ ዞረው አዩት። ተቀመጠ። አንድ ዘፈን ጨምሬ ወረድኩ።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 14

የማላኪ ሠላሳኛ ቀን ቅዳሴ። ከኋላ ተቀመጥኩ። ቄሱ ስሙን ጠራው፣ ስሙን ብቻ፤ ማን ነው ብሎ የዞረ ሰው የለም። አሁን የባሊናስካ ማላኪ ሄሂር ሲባል አንድ ሰው ነው።

በነገራችን ላይ ያ የመጦሪያው ሽማግሌ ደህና ነው። መሞቱን ሰምቶ ሳቀ አሉ።

ኮንሴፕታ ከቅዳሴ በኋላ መጣች። ስለ ላሞቿ ነው ያወራችኝ፤ ሁለቱን ልትሸጥ ነው። ገና ሲደርስ ከአትራክታ ጋር ለሻይ ኑ አለች። ይቅርታ አደረግሁልህ አላለችም። እኔም አልጠየቅኋትም። ይቅርታው የእሷ አይደለም፤ ባለቤቱ ማላኪ ይዞት ሄዷል።

ጃርላዝ መንገድ ላይ አየኝና ተሻገረ። የክለባችን መጠጥ ቤት ግድግዳ ላይ የቡድኑ ፎቶ አሁንም አለ አሉ። ፊቴ ላይ የቢራ ማስታወቂያ ለጥፈውበታል።

ስመለስ እዚያው ሱቅ ቆምኩ። ባለሱቋ አየችኝና ወደ ጓዳ ተጣራች፣ "ና ቅዳለት፣ 'ብብቱ' መጥቷል።" ቀጥሎ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ምንም አይደለም አልኳት።

ምሳ ላይ ለአትራክታ ነገርኳት። እንዳትስቅ ከንፈሯን ነከሰች፣ አልቻለችም። ሳምንት አልፎታል አለች፤ ኪልሞረንም እንደዚያው ነው የሚሉህ፣ ልነግርህ ከብዶኝ ነው።

ሬዲዮው በርቶ ነበር። ያ በአፍንጫው የሚያወራው ልጅ የምሳ ሰዓቱን መርዶ ያነባል። አትራክታ ድምፁን ዝቅ አደረገችው። ሳህኖቹን እያነሳች ጠየቀችኝ።

"ያንተ ቀን ሲደርስ እንግዲህ ምን ላድርግ? ቅጽሉን ላስጽፈው?"

ሳህኔን አቀበልኳት።

"አስጽፊው" አልኳት። "አለዚያ ማን እንደሞተ ሰው አያውቅም።"